በደጃችን የወደቀው ዜና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 የተጻፈውን የነዌንና የአልዓዛርን ታሪክ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ነዌ አልዓዛርን መታው ወይም እህሉን ቀማው አልተባለም። ጥፋቱ በደጁ የወደቀውን ሰው ሳያስብ ዕለት ዕለት በተድላ መኖሩ ነው። ዜናም እንዲሁ በደጅ የወደቀውን አልፎ ድግሱን ብቻ የሚያወራበት ጊዜ አለ።

ይህን እኛ የወሎ ልጆች በራሳችን ታሪክ እናውቀዋለን። በ1964 እና በ1965 ዓ.ም. ዝናብ ጠፍቶ ወሎ በረሃብ ተመታች። ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅና በውጫሌ አድርጎ ወደ ወልዲያ በሚሄደው አውራ ጎዳና ዳር የተራበ ሕዝብ ፈሰሰ። የመንግሥቱ ጋዜጣና ሬዲዮ ግን የቤተ መንግሥቱን በዓልና ጉብኝት ሲያወሩ የወሎ ረሃብ ታፈነ። ለአቤቱታ ወደ አዲስ አበባ ያቀኑ ገበሬዎችን ፖሊስ መለሳቸው። ዓለም የሰማው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ፊልሙን በአገሩ ቴሌቪዥን ሲያሳይ ነው፤ ያን ጊዜ ግን አያሌ ሺህ ሰው አልቆ ነበር።

ተከትሎ የመጣውም መንግሥት ከዚህ አልተማረም። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በታላቅ ወጪ ሲከበር ሰሜኑ እንደገና ተርቦ ነበር። በወሩ የቢቢሲው ማይክል ቡርክና ኬንያዊው መሐመድ አሚን የኮረምን ሥዕል ለዓለም አሳዩ።

ለምን እንዲህ ይሆናል? አንደኛ፤ ባለሥልጣን ክፉ ወሬ ስሙን እንዳያጎድፍበት ይፈራል። ሁለተኛ፤ ለጋዜጠኛው ግብዣው ቅርብ ነው፤ የተራበው መንደር ግን ሩቅ ነው፤ ገንዘብም ፈቃድም ይጠይቃል። ሦስተኛው የእኛ ጆሮ ነው። ነጋዴ ወደ ገበያ የሚያወጣው ገዢ የሚጠይቀውን ነው፤ ዜና አቅራቢም እንደዚሁ።

ባለፈው እሑድ ከትምህርት ስንመለስ ስለ እንግሊዝ የእግር ኳስ ቡድኖች ተከራከርን። የተጫዋቾቹን ዋጋ ሳይቀር እናውቃለን። አንድ ወንድማችን «የሱዳን ጦርነት ከምን ደረሰ?» ብሎ ቢጠይቅ ግን የመለሰ አልነበረም። እኔም ዝም ካሉት አንዱ ነኝ። ሱዳን ጎረቤታችን ናት። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል፤ በመተማ በኩል ወደ ክልላችን የገቡም አሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዳርፉር በዛምዛም የተፈናቃዮች ሰፈር ረሃብ መግባቱ ተነገረ። አልዓዛር በደጃችን ወድቆ ነበር፤ እኛ ግን ስለ ኳስ እንከራከር ነበር።

ኳስ ማየት ኃጢአት ነው አላልሁም። «ሰምቼስ ምን ላድርግ?» የሚልም ይኖራል። ያን ፊልም ያዩ እንግሊዛውያን ወሎ የት እንደ ሆነች እንኳ የማያውቁ ብዙዎች ነበሩ፤ ነገር ግን ከኪሳቸው አዋጥተው ላኩልን። እነርሱ «ሩቅ ነው» ብለው ቢያልፉን ኖሮ ዛሬ ይህን ጽሑፍ ከምናነበው መካከል ስንቶቻችን እንወለድ ነበር?

ደግሞም የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ልጆች መሆናችንን አንርሳ። አባታችን ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከሩቅ አገር የመጡትን ተቀብለው ያስተማሩበት ቦታ ነው። ከሩቅ የመጣን ሰው መቀበል የአባቶቻችን ልማድ ከሆነ፤ ከሩቅ የመጣን ጩኸት መስማት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ከሚመጣው እሑድ ጀምሮ በየተራ አንዳችን በመከራ ስላለ ሕዝብ አንድ እውነተኛ ዜና ይዘን እንምጣ፤ አገሩን በስሙ ጠርተን እንጸልይ፤ ከእጃችን ያለችውንም ሳንቲም እናዋጣ። ዜና አቅራቢው ቢዘነጋቸው እንኳ እኛ አንዘንጋቸው።

በደጅ የወደቀውን የሚያይ ዓይን፤ የሚሰማም ጆሮ እግዚአብሔር ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።

ከአንድ የሰንበት ትምህርት ቤት አባል፤ ሐይቅ