መሪ የሚታወቀው በምንድን ነው?



በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ አባቶች ዝቅ ብለው የምእመናንን እግር ሲያጥቡ እናያለን። ይህን ያስተማረን ጌታችን ነው (ዮሐ. 13)። ለመሆኑ ትሕትና ሹመት ያገኘ ሰው የሚደርበው ጌጥ ነውን? ወይስ መሪነት ራሱ የሚጀምረው ከዚያ ነው?

ወይዘሮ አበበች ጎበናን እናስብ። እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወደ ወሎ በሄዱ ጊዜ፣ በረሀብ መካከል ያገኟቸውን ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ሆኑ። ከልጆቹና ከትዳራቸው አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆንባቸው ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ። ሹመት አልነበራቸውም፤ ደመወዝ የሚከፍላቸውም አልነበረም። በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ግን በስማቸው የተጠራው ድርጅት ብዙ ሺህ ሕፃናትን ረድቷል።

«ርኅራኄ ብቻውን አይመራም፤ ሥርዓትም ያስፈልጋል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። እርሳቸውም ምግብ እያዘጋጁ በመሸጥ ነው ልጆቹን ያሳደጉት፤ ኋላም ድርጅት አቋቁመዋል። ነገር ግን ሥርዓቱ ለልጆቹ ተሠራ እንጂ ልጆቹ ለሥርዓቱ አልተፈጠሩም።

እንግዲህ ለሰብሳቢነት ስንመረጥ «ማን ይታዘዘኛል?» ከማለታችን በፊት «ማን ተቸግሯል?» ብለን እንጠይቅ።