ቁልፉን የተወ ሰው ዕዳ አለበትን?

ሰው ንብረቱን ሳይጠብቅ ቢተወውና ሌባ ቢወስድበት፥ በደሉ የሌባው ብቻ ነውን? ወይስ ለባለንብረቱም የሚደርሰው ዕዳ አለ? ይህ ጥያቄ የዳኞች ብቻ ይመስላል። ነገር ግን በየመንገዱ ዳር ዕለት ዕለት የሚደረግ ነገር ስለሆነ፥ ወደ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በየሰው ኅሊና ሊመረመር ይገባዋል።

ምሳሌውን ከአልዱባ እንውሰድ። በደቡብ ኦሞ ባለችው በዚህች ትንሽ ከተማ ማክሰኞ ማክሰኞ ገበያ ይቆማል። የበናና የአሪ ሰዎች ሌሎችም ጎረቤቶቻቸው ማርና ማሽላ፥ ፍየልም ይዘው ይሰበሰባሉ። የጭነት መኪናም፥ አገር ጎብኚዎችን የያዘ አውቶሞቢልም ወደዚያው ይመጣል። ሙቀቱ ጽኑ ነውና መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፥ በሩን ሳይቆልፍ፥ ቁልፉንም እንደ ተሰካ ትቶ፥ በቅል የሚቀርበውን የቡና ገለባ ሊጠጣ የሚሄድ ነጂ አይታጣም። ስለ ምን እንዲህ አደረግህ ቢሉት ሦስት መልስ አለው። አንደኛው፥ «ይህ ባላገር ነው፥ ማን ይሰርቃል?» የሚል ነው። ሁለተኛው፥ «ከዚህ ሁሉ ሰው መንዳት የሚያውቅ የለም» የሚል ነው። ሦስተኛው፥ «ቢሰረቅስ ኃጢአቱ የሌባው ነው፤ እኔ ምን በደልሁ?» የሚል ነው።

ፊተኛውን መልስ እንመልከት። ባላገሩ ከብቱን በቁልፍ አለመዝጋቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያለ ጠባቂ አይተወውም። ቀን እረኛ ይከተለዋል፤ ሌሊት በእሾህ አጥር በተከበበ በረት ያድራል፤ ጆሮው በምልክት የተቆረጠ ስለሆነም የማን እንደሆነ አይቶ የሚለይ ጎረቤት አለ። እረኛው፥ አጥሩና ምልክቱ የባላገሩ ቁልፎች ናቸው። እንግዲህ ነጂው «በባላገር እንደ ባላገር ልኑር» ቢል፥ ከባላገሩ የወሰደው እምነቱን ብቻ ነው፤ ትጋቱን አልወሰደም።

መንዳት የሚያውቅ የለም ማለቱም አያድነውም። ገበያ ከሩቅም ከቅርብም ሰው የሚገናኝበት ስለሆነ፥ የመጣውን ሁሉ ችሎታ አስቀድሞ መርምሮ የሚያውቅ የለም። ደግሞም ከሚያውቀው ይልቅ የማያውቀው ያስፈራል። ነገሩ ደንቆት ወደ ውስጥ የገባ ሕፃን ቁልፉን ቢያዞረው፥ ማርሽ ገብቶ የቆመ መኪና ዘሎ ማሽላቸውን ዘርግተው ወደ ተቀመጡት ሴቶች ይሄዳል። ሕፃኑን ሌባ የሚለው የለም። ታዲያ ዕዳው የማን ይሆናል?

አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከዚያ አስቀድሞ መኳንንቱ በበቅሎ ይሄዱ ነበር። በቅሎ ጌታዋን ታውቃለች፤ ባዕድ ቢጋልባት ትደነብራለች፤ ብትሰረቅም መልኳን የሚያውቅ መንገደኛ በየኬላው ይመሰክርባታል። አውቶሞቢል ግን ጌታ አያውቅም። ቁልፉን ለያዘ ሁሉ፥ ለባለቤቱም ለወንበዴውም፥ ለአዋቂውም ለሰካራሙም እኩል ይታዘዛል። በአንድ ሰዓትም በቅሎ በአንድ ቀን የማትሄደውን መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ ለበቅሎ ይበቃ የነበረው ጥበቃ ለአውቶሞቢል አይበቃም።

ሦስተኛው መልስ ከሁሉ የከበደ ነው፤ ሕግም የሚደግፈው ይመስላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2081፥ ባለመኪናው መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ያለ ፈቃዱ ሌላ ሰው የነዳው ቢሆንም እንኳ። ነገር ግን ጉዳቱ በደረሰ ጊዜ መኪናው ተሰርቆ እንደ ነበረ ቢያስረዳ ከዚህ ኃላፊነት ነጻ ያወጣዋል። ቁልፉን የተወው ነጂ ይህን ሰምቶ ደስ ይለው ይሆናል። ዳሩ ግን ያው ሕግ በቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ካሣ እንዲከፍል ያዝዛል፤ በቁጥር 2029ም ሆን ተብሎ የተደረገው ብቻ ሳይሆን ቸልተኝነትም ጥፋት እንደሚሆን ይናገራል። ስለዚህ አንዱ በር ቢከፈትለት ሌላው በር ቆሞ ይጠብቀዋል።

በሌላ አገር ይህ ነገር ተፈርዶበታል። በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግቶን አንድ ሠራተኛ የጭነት መኪና ከጋራዥ አጠገብ በሕዝብ መተላለፊያ አቁሞ፥ ጋራዡ ያስገባዋል ብሎ ለጠባቂው ሳይነግር ቁልፉን እንደ ተሰካ ትቶት ሄደ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አንድ ያልታወቀ ሰው መኪናውን ነድቶ ሌላ ሰው ገጨበት። የይግባኙ ፍርድ ቤት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1943 ዓ.ም. ባለመኪናው ለተጎዳው ኃላፊ ነው ብሎ ፈረደ። ያው ፍርድ ቤት በ1916 ዓ.ም. በሌላ ነገር የዚህን ተቃራኒ ፈርዶ ነበርና፥ ያን የቀድሞ ፍርዱን ተወው። ምክንያቱንም ሲያስረዳ፥ መኪና ይቆለፍ ተብሎ የተደነገገው ለባለንብረቱ ጥቅም ሳይሆን በመንገድ ለሚሄደው ሕዝብ ደኅንነት ነው አለ። ይህን ቃል ልብ ማለት ይገባል። እኛ ቁልፍ ለንብረታችን ብቻ የተሠራ ይመስለናልና፥ «የራሴን ንብረት ብተወው ማን ይጠይቀኛል?» እንላለን።

በኦሪትም ጕድጓድ ቆፍሮ ሳይከድነው የተወ ሰው፥ የባልንጀራው በሬ ወይም አህያ ቢወድቅበት እንዲከፍል ታዝዟል። አንድ አዋቂ ግን እንዲህ ብሎ ይከራከር ይሆናል፦ «ጕድጓድ ፈቃድ የለውም፤ በሬውም ባለማወቅ ይወድቃል። በመኪናው ነገር ግን በባለቤቱና በጉዳቱ መካከል የሌባው ፈቃድ ገብቷል፤ ነጻ ፈቃድ የገባበትን በደል ወደ ኋላ መልሰን ለሌላ ሰው ልንሰጠው አይገባም።» ይህ ክርክር ጠንካራ ነው፤ እውነትም አለበት። የሌባው ፈቃድ የራሱን በደል ሙሉ አድርጎ ይሸከማል፤ በሩ ክፍት ነበር ብሎ ከኃጢአቱ አንዲት ፍሬ ሊያጐድል አይችልም። ነገር ግን የእርሱ በደል ሙሉ መሆኑ የሌላውን ቸልታ አይፍቀውም። ሌባ በዓለም እንዳለ የማያውቅ ሰው የለም፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የተባለውም ስለዚህ ነው። ይመጣል ተብሎ ለሚጠበቅ ክፉ ነገር መንገድ የጠረገ ሰው፥ መንገዱን እንደ ጠረገ ይጠየቃል። በደል እንደ እንጀራ አይደለም፤ አንዱ ስለ ወሰደ ለሌላው አያንስም።

ዕዳውም ለተገጨው ሰው ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ነጂው የመኪናው ባለቤት አይደለም፤ መኪናው የአሠሪው ወይም የመንግሥት አደራ ነው። የራስን ንብረት መተው ስንፍና ቢባል፥ አደራን መተው ግን እምነትን ማፍረስ ነው። ሦስተኛም ባለዕዳ አለ፤ እርሱም በሐሰት የሚጠረጠረው ነው። በቀድሞ ዘመን ዕቃ ሲጠፋ ሌባ ሻይ ይጠራ ነበር፤ ለልጅ መድኃኒት አጠጥተው ይለቁትና ልጁ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ያ ልማድ ቀርቷል፤ ጠባዩ ግን በልባችን አለ። መኪናው የጠፋበት ነጂ አስቀድሞ የራሱን ኪስ አይመረምርም፤ በአጠገቡ ቆሞ የነበረውን የበና ጎልማሳ ወይም ሲጠብቅለት የዋለውን ድኻ ልጅ ያመለክታል። ቁልፉን በኪሱ ቢይዘው ኖሮ ያ ልጅ በሰላም ወደ ቤቱ በገባ ነበር። እንግዲህ በርን መቆለፍ ጎረቤትን መስደብ አይደለም፤ ይልቁንም ጎረቤትን ከሐሜት ማዳን ነው።

የቋንቋችንም ነገር ትምህርት ይሰጣል። በአማርኛ «ቁልፍ» የተባለው ከመቆለፍ ነው። በግእዝ ግን ስሙ «መርኆ» ነው፤ ይኸውም «አርኀወ»፥ ከፈተ፥ ከሚለው የመጣ ነው። አንዱ ብረት በአማርኛ የሚዘጋ፥ በግእዝ የሚከፍት ተባለ። ሁለቱም እውነት ነው። ቁልፍ የመክፈት ሥልጣን ነው፤ ስለዚህም ወንጌል የሥልጣንን መሰጠት በመርኆ ይናገራል። ቁልፉን በመኪናው የተወ ሰው ብረት ብቻ የተወ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሥልጣኑን ለማያውቀው ሰው ሰጥቷል። የሚነዳው ማን እንደሆነ፥ የሚወድቅበትም ማን እንደሆነ አያውቅም።

ነጂ ሆይ፥ የምትጠጣው አንድ ስኒ ቡና ቢሆን፥ የምትመለሰውም አሁኑኑ ቢሆን፥ መስኮቱን ዝጋ፥ በሩን ቆልፍ፥ ቁልፉንም በኪስህ ያዝ። ሌባው ከመጣ ዕዳው የእርሱ ይሆናል፤ ያንተን ዕዳ ግን ከመውረድህ በፊት ከፍለህ ትወርዳለህ።