ስብሰባው ላይ ያልነበሩት

ሰው በመንገድ ይታወቃል ይባላል። እኔ ግን እስከ መንገዱም መሄድ አያስፈልግም ባይ ነኝ፤ ጉዞውን አብሮ ማቀዱ ብቻ ይበቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በህንዷ የካርናታካ ግዛት ዋና ከተማ በባንጋሎር (ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ በይፋ ቤንጋሉሩ ትባላለች) ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር፣ በ2017 መጨረሻ ስምንት የክፍል ጓደኛሞች ግዛቲቱን በሚኒባስ ለመዞር ተስማማን። ሰባቱ ህንዶች ናቸው፤ ስምንተኛው እኔ ነኝ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብዬ ወጪውን ለስምንት ስናካፍለው ደስ አለኝ። ሸክሙ ገንዘቡ እንዳልሆነ የገባኝ ካርታው ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ነው።

ካርናታካ አንድ ግዛት ትባል እንጂ በውስጧ ስንት አገር አለ መሰላችሁ! በምዕራብ የዓረብ ባሕር፣ ከፍ ሲሉ የቡና ተራሮች፣ በሰሜን በ1565 እ.ኤ.አ. የወደቀችው የቪጃያናጋራ መንግሥት መናገሻ የሃምፒ ፍርስራሽ፣ አለፍ ሲል የቢጃፑሩ ሱልጣን መቃብር ጎል ጉምባዝ ከነግዙፍ ጉልላቱ። ሰዉ ካናዳ፣ ቱሉ፣ ኮዳቫ፣ ኮንካኒ፣ ኡርዱ ይናገራል። ሁሉን ለማየት ደግሞ ያለን ስምንት ቀን ነው።

እንግዲህ ዴሞክራቶች ነንና እጅ አውጥተን ድምፅ ሰጠን። ባሕር ዳርቻው አሸነፈ። እራት በየምሽቱ ዓሣ ቤት እንዲሆንም በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። ይኼኔ የጄይን እምነት ተከታይ የሆነችው ጓደኛችን ቀስ ብላ፣ «እኔ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አልበላም፤ ቀንም ቢሆን ድንችና ሽንኩርት አልነካም» አለች። አንዱ ቀልደኛ «ለስምንት ቀን ብቻ!» አላት። ሁሉም ሳቀ። እኔም ልስቅ ስል እናቴ ትዝ አለችኝ። በዐቢይ ጾም «ለዛሬ ብቻ ቅመሺ» ብትባል ምን ትላለች?

ቀጥሎ የታሚሉ ልጅ ተናገረ። «የትም ብንሄድ ግድ የለኝም፤ መኪናው ብቻ የታሚል ናዱ ታርጋ አይኑረው» አለ። ያገኘነው ርካሽ ሚኒባስ ደግሞ ከድንበሩ ማዶ፣ ከሆሱር የሚመጣ ነበር። ማንም አልሳቀም። ዓመት ከጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በመስከረም 2016 እ.ኤ.አ.፣ በካቬሪ ወንዝ ውሃ ክፍፍል ሰበብ በዚያችው ከተማ የታሚል ናዱ ታርጋ የለጠፉ አውቶቡሶች ሲቃጠሉ ሁላችንም አይተናልና።

ያን ማታ እንቅልፍ እምቢ ቢለኝ አሰብኩ። ድምፅ መቁጠር ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የሚመዝነው ፍላጎትን ነው። የሰባት ሰው የዓሣ አምሮትና የአንዲት ሴት ኅሊና በአንድ ሚዛን እንዴት ይቀመጣሉ? አምሮት ቢቀር ቅሬታ ነው። ኅሊና ሲጣስ ግን ሰውዬው አብሮን አልተጓዘም፤ ተጭኖ ሄደ እንጂ። ስለዚህ በማግስቱ፣ የምንፈልገውን ከመቁጠራችን በፊት እያንዳንዳችን የማንችለውን እናስመዝግብ አልኩ።

«እንዲያማ ከሆነ ሁሉም አምሮቱን አልችልም ብሎ ያመጣዋል» ብሎ ሞገተኝ ያው ቀልደኛ። እውነቱን ነው፤ ተንኮለኛ አይጠፋም። መለያው ግን አለ፤ ሰውዬው ማንም ሳያየው፣ ቤቱ ሆኖም ዋጋ የሚከፍልበት ነገር ነው ወይ? ልጅቷ ብቻዋንም ስትሆን ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው የምትበላው። በዚህ ተስማማን። እራቱን ወደ አሥራ አንድ ሰዓት አመጣነው፤ ውድ የሆነውን የካርናታካ ታርጋ መኪና ተከራየን።

ሁሉ ነገር ያለቀ ሲመስለን ሾፌሩ መጣ። ዕቅዱን በጥሞና ሰማና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «እኔ ማታ ማታ የት ነው የማድረው?» ስምንት የተማረ ሰው ተሰብስበን ዘጠነኛውን ረስተነዋል! በዚያ አገር ብዙ ሾፌር መኪናው ውስጥ ነው የሚያድር። በማግስቱ ሌሊት በእንቅልፍ እጦት የቀላ ዓይን ይዞ ስምንት ነፍስ ተራራ የሚያወርደውም እሱው ነው። አልጋ ጨመርንለት።

የኔው ጉድ ግን ገና ነበር። ለብቻዬ ያስያዝኩት ቦታ የሲዲዎች መንደር ነው። ሲዲዎች በባርነትም፣ በወታደርነትም፣ በመርከበኝነትም ከአፍሪካ ወደ ህንድ የገቡ ሰዎች ዘሮች ናቸው። ድሮ «ሐብሺ» ይባሉ ነበር። ከኢትዮጵያ በባርነት ተወስዶ በደካን ኃያል የጦር መሪ የሆነው ማሊክ አምባርም ከነሱው ይቆጠራል። በካርናታካ የሚበዙት በዬላፑርና በሃሊያል ጫካዎች ዙሪያ ነው። ካሜራዬን አዘጋጅቼ «ዘመዶቼን ላይ ነው» እያልኩ ስኩራራ፣ ያቺው ጓደኛዬ «እንደምንመጣ ያውቃሉ?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። አገሬ ሳለሁ ቱሪስት ኦሞ ሸለቆ ወርዶ ሙርሲዎችን በፎቶ ብዛት እየከፈለ ሲያነሳ ደሜ ይፈላ ነበር። ታዲያ እኔ ከዚያ ቱሪስት በምን ተሻልኩ? በፀጉሬ? እነሱም እንደ ሾፌሩ ስብሰባው ላይ አልነበሩም፤ «አንችልም» የሚሉት ነገር ቢኖራቸው ማን ያስመዘግብላቸዋል? መንደሩን ከዕቅዱ ሰረዝኩት።

በመንገዳችን ላይ ዬላፑር ገበያ ዳር ሻይ ልንጠጣ ቆምን። ፀጉሯ እንደኔው የተጠቀለለ አንዲት አሮጊት ሙዝ ትሸጣለች። ትኩር ብላ አየችኝና በካናዳ ቋንቋ ረዘም ያለ ነገር ተናገረችኝ። ዝም ስላት ተቆጣች። ሾፌራችን እየሳቀ ተረጎመልኝ፦ «የማን ልጅ ነህ? ከየትኛው መንደር ነህ? ለምን አትመልስልኝም? ትላለች።»

ላይ የሄድኩት እኔ፣ የታየሁትም እኔ ሆንኩ። «ከሩቅ አገር ነኝ በልልኝ» አልኩት። እማማ አላመኑኝም። ከሒሳቡ ላይ ሁለት ሙዝ መረቁልኝ። ካሜራው ከቦርሳዬ አልወጣም።