ሸክሙ በማን ትከሻ ላይ ነው?

የቅርጽና የይዘት ግንኙነት የኪነ ጥበብ ሰዎችን ሲያከራክር የኖረ ጥያቄ ነው። ይህ ጥያቄ ከሥዕልና ከሥነ ጽሑፍ መድረክ አልፎ ወደ ኮምፒዩተር ሥራ ከገባም ውሎ አድሯል። በአንድ ድረ ገጽ ላይ ጽሑፉ ይዘት ነው፤ የፊደሉ መጠን፣ የቀለሙ ዓይነት፣ የኅዳጉ ስፋት ደግሞ ቅርጽ ነው። ኖርዌያዊው ሆኮን ቪዩም ሊ እ.ኤ.አ. በ1994 በሰርን የምርምር ተቋም ሳለ ሁለቱ ተለያይተው የሚጻፉበትን መንገድ በሐሳብ አቀረበ። ሲኤስኤስ የተባለው የቅርጽ መደንገጊያ ቋንቋ ከዚህ ተወለደ፤ የመጀመሪያው ደረጃም እ.ኤ.አ. በ1996 ጸደቀ። ሐሳቡ ግልጽና ትሑት ነበር፤ «አርእስቱ ቀይ ይሁን» ብሎ በአንድ መስመር ከመደንገግ አይበልጥም።

ይህችን አንዲት መስመር ለማፋጠን የሚገነባው መሣሪያ ግን ተመልካቹን ያስገርማል፤ አንዳንዴም ያስቃል። ለአንድ ቀይ አርእስት ይህ ሁሉ ብልሃት ምን ያደርጋል? ከልክ ያለፈ ብልሃትስ መቼ በጎ፣ መቼ ከንቱ ይሆናል?

ብራውዘር አንድን ገጽ ከማሳየቱ በፊት የገጹን እያንዳንዱን ክፍል ከድንጋጌዎቹ ጋር አመሳክሮ የትኛው እንደሚጸናበት መወሰን አለበት። ክፍሎቹ በሺህ ሲቆጠሩ ሥራው ይከብዳል። የፋየርፎክስ ሠሪ ሞዚላ ይህን ሥራ ኮር ለሚባሉት የኮምፒዩተሩ የስሌት ክፍሎች ለማከፋፈል ቀደም ሲል ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለቱም ሙከራዎች ከሽፈዋል፤ በአንድነት የሚሠሩት ክፍሎች አንዱ የሌላውን ውጤት እንዳያበላሽ መጠበቅ እጅግ አስቸጋሪ ነውና። በኋላ ግን ሥራው እንዲህ ያለውን ግጭት ከመነሻው በሚከለክለው ረስት በተባለ ቋንቋ ተጽፎ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 በፋየርፎክስ 57 ለሕዝብ ቀረበ። በዚህ አሠራር ድርሻውን ቀድሞ የጨረሰ ክፍል ሥራ ፈቶ አይቀመጥም፤ ከባልንጀራው ክምር አንሥቶ ይሠራል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ብሂል በማሽን ውስጥ ሥጋ ለበሰ ማለት ይቻላል።

በአንጻሩ ሌላ ዓይነት ብልሃት አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 በፌስቡክ ይሠራ የነበረ አንድ መሐንዲስ ቅርጹ በጃቫስክሪፕት ውስጥ ቢጻፍ እንደሚሻል ተናገረ። ምክንያቱ ከንቱ አልነበረም፤ ብዙ እጅ በሚጽፈው ግዙፍ ሥራ ስሞች ይጋጫሉ፤ አገልግሎታቸው ያበቃ ድንጋጌዎችም ተለይተው አይታወቁም። ይሁን እንጂ ከዚህ ሐሳብ የተወለዱ ብዙ መሣሪያዎች ስሌቱን ከሠሪው ገበታ አንሥተው በአንባቢው ስልክ ላይ ጫኑት። ስልኩ ፕሮግራሙን አውርዶ፣ ተርጉሞ፣ ድንጋጌዎቹን ራሱ እንዲፈጥር ተገደደ። ይህ ሲዘገይ ማፋጠኛ ተጨመረ፤ ማፋጠኛውም የራሱን ክብደት አመጣ። በመጨረሻ ድንጋጌዎቹን አስቀድሞ አውጥቶ በተራ የሲኤስኤስ ፋይል የሚያኖር መሣሪያ ተሠራ። ረጅም ዙሪያ ተዙሮ የተደረሰው ከተነሡበት በር ላይ ነው። ፌስቡክም እ.ኤ.አ. በ2020 ድረ ገጹን ሲያድስ ድንጋጌዎቹን በራሱ የሥራ ቤት አስቀድሞ በማዘጋጀት የመነሻ ገጹን ሲኤስኤስ በ80 ከመቶ ቀንሷል።

ስለዚህ የብልሃት ብዛት ብቻውን የሞራል ሚዛን አይሆንም። የመጀመሪያው እጅግ የተወሳሰበ ነው፤ ነገር ግን ውስብስብነቱን ሠሪው ተሸክሞ ቅለቱን ለአንባቢው ሰጠ። ሁለተኛው ምቾቱን ለሠሪው አስቀርቶ ዕዳውን በማያውቀው ሰው ላይ ጣለ። ዕዳውም እኩል አይከፈልም። ውድ ስልክ የያዘ ሰው መዘግየቱን ልብ አይለውም፤ ርካሽ ስልክና ደካማ መስመር ያለው ግን በባትሪው፣ በገዛው ዳታና በጊዜው ይከፍለዋል። ሠሪው ይህን ሰው አያየውም፤ አለማየቱ ግን ከኃላፊነት አያድነውም።

ሠሪም ሰው ነው፤ ድካሙ ሊቃለልለት ይገባል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው። ቢሆንም ጥቂቶች በሥራ ቤት የሚደክሙት ድካምና ሚሊዮኖች ገጽ በከፈቱ ቁጥር የሚሸከሙት ሸክም እኩል አይመዘኑም። ተማሪው በአንድ ሰዓት እንዲረዳው መምህሩ ሌሊቱን ሲያዘጋጅ ያድራል፤ ይህን ትርፍ ድካም ከንቱ የሚለው የለም። መምህሩ እንቅልፉን ሲተኛ ተማሪው እንዲያነጋ የሚያደርግ ዘዴ ግን፣ ምንም ያህል የረቀቀ ቢሆን፣ ፈጠራ ተብሎ ሊወደስ አይገባውም።