ብርዑን አኑር

ቡሬ አጠገብ ካለ ደብር አንድ ወጣት ቁም ጽሕፈት ይማር ነበር። እጁ ፈጣን፣ ልቡም ችኩል። የፍየል ቆዳ ወጥሮ መፋቅ፣ በወስፌ ወግቶ ማስመር፣ ቀለም መበጥበጥ ሁሉ ገብቶታል። ብርዑን ከእጁ ማኖር ግን አልለመደም። አንድ ቀን የመቃ ብርዑን እንደያዘ ቅጠሉን ሊገልጥ ሲል ጥቁር ቀለም ጠብ አለና በቀይ የተጻፈው የማርያም ስም ላይ ዐረፈ።

የኔታ አልተቆጡም። ጠብታውን በቢላ ፍቀው ሲያበቁ ብራናውን ወደ ፀሐይ አነሡት። የተፋቀው ቦታ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል።

«አየህ ልጄ፣ ስትጽፍ ጻፍ። ልትገልጥ ስትል ግን ብርዑን ጆሮህ ላይ ሰካው።»

ዓመታት አለፉ። ወጣቱ ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ቀድሞዋ ወጀት ወረደና ማመልከቻ እየጻፈ ለማደር ያረጀ ላፕቶፕ ገዛ። ሊኑክስ ተጭኖበታል። የሸጠለት ልጅ ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ «ቪም ብለህ ግባ፣ የእንግሊዝኛዋን ፊደል «አይ»ን ነክተህ ጻፍ» ብሎት ሄደ። ዋናውን ነገር አልነገረውም።

ቪም የጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራም ነው፤ ሁለት ዋና ጠባይ አለው። አይ ሲነካ ከዚያ በኋላ የሚመታው ፊደል ጽሑፍ ይሆናል፤ ኢስኬፕ የተባለው ቁልፍ ሲነካ ያው ፊደል ትእዛዝ ይሆናል። አባቱን ቪአይን ቢል ጆይ በ1976 እ.ኤ.አ. የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ሲሠራው ማውስ በየጠረጴዛው አልነበረም፤ መጻፉም ማዘዙም በአንድ የቁልፍ ሰሌዳ ማለፍ ነበረበት። ስለዚህ ሠሪው ሳይጨክን አልቀረም ብሎ መውቀስ አይገባም።

አንድ ገበሬ ስለ ድንበር ማመልከቻ ሊያስጽፉ መጡ። ወጣቱ ግማሹን ጽፎ፣ ሳያውቀው ኢስኬፕን ነካና ሰሌዳውን ወደ እንግሊዝኛ መለሰ። ዲን ሁለቴ ሲመታ የገበሬው ስም ያለበት መስመር ድርግም አለ። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

ከጎኑ ፎቶ ኮፒ የምታነሣ ልጅ አየችው። «አይዞህ ወንድሜ፣ ዩን ንካው።» ነካው። መስመሩ ከነስሙ ተመለሰ። ወጣቱ ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ አየ፤ የሳሳ ቦታ የለም።

«እንዴት ያለ ምሕረት ነው!» አለ።

«ስትጽፍ በአይ ግባ፤ ሌላ ነገር ልትሠራ ስትል መጀመሪያ ኢስኬፕ፤ ለማስቀመጥ ሁለት ነጥብና ደብልዩ» አለችው።

ዝም ብሎ ቆየ። የኔታን አስታወሰ።

ዛሬም ግራ እጁ ኢስኬፕን ሲነካ ቀኝ እጁ ብድግ ይልና ጆሮውን ይዳስሳል።