የተሰጠ መብልና የተሸጠ መብል

በመብል ላይ ፍርድ መስጠት ይገባልን? ይኽ ጥያቄ በጎንደር ሰው ዘንድ ሲነሣ መልሱ ሳይታሰብ ይመጣል፤ አይገባም ይባላል። ልጅ ከገበታ ቀርቦ «ጨው አነሰው» ማለት ነውር እንደ ኾነ፥ የወደቀ እንጀራም ተነሥቶ እንደሚሳም ተምሮ ያድጋል። እንግዳም የቀረበለትን አመስግኖ ይበላል እንጂ ወጡ ቀጠነ አይልም። ይኽ ደግ ሥርዓት ነው። ባለቤቲቱ ያቀረበችው ያላትን ስለ ኾነ፥ በስጦታዋ ላይ ሚዛን ማንሣት ውለታን መርሳት ይኾናል።

ነገር ግን ይኽን የቤት ሥርዓት ሰዎች ሳያስተውሉ ወደ ገበያ ይዘውት ወጥተዋል። ጤፍ የሚገዛ ሰው በእጁ ዘግኖ ያያል፤ ማር የሚገዛ በጣቱ ነክቶ ይቀምሳል፤ ቅቤ የሚገዛም ያሸታል። ይኽን ማንም ነውር አይለውም። ያው ሰው ፒያሳ ወጥቶ ከኬክ ቤት ሲቀመጥ ግን፥ የቀረበለት ክሬም ኮምጥጦ እንኳ ቢያገኘው፥ ዋጋውን ከፍሎ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይወጣል። ከደጃፉ ከራቀ በኋላ ለወዳጁ ያማዋል። ፊት ለፊት ያልተነገረው እውነት በኋላ ሐሜት ኾኖ ወጣ ማለት ነው፤ ጋጋሪውም ጥፋቱን ሳያውቅ በማግሥቱ ያንኑ ይጋግራል።

በክሬም የተሞላው ጣፋጭ ለከተማችን የቆየ ነገር አይደለም። ኢጣሊያኖች ጎንደርን ከመጋቢት 1928 እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. በያዙበት ዘመን የፒያሳን ሕንፃዎች ሠሩ፤ እነርሱ ቢሄዱም ፒያሳ የሚለው ስም ቀረ። ሚልፎኒና ቦምቦሊኖም ስማቸውን ያገኙት ከዚያው ቋንቋ ነው። የሚልፎኒ ትርጓሜው ሺሕ ቅጠል ነው፤ ቅጠል የተባለውም በቅቤ እየተነባበረ የታጠፈው ስስ ሊጥ ነው። በሺሑ ቅጠል መካከል የሚገባው ክሬም ግን ከወተት፥ ከስኳር፥ ከዕንቁላል አስኳልና ከጥቂት ዱቄት ይሠራል።

የቀማሽ ሥራ በዚህ ላይ ነው። በአስኳል ውስጥ ስታርችን የሚያቀልጥ ነገር አለ፤ በደንብ ሳይፈላ የወጣ ክሬም ማታ ረግቶ ቢታይም በማግሥቱ ቀጥኖ ቅጠሉን ያረጥበዋል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ ባለሙያ የኾነች ሴት ክሬሙ መፍላት እንደ ጀመረ አታወርደውም፥ ጥቂት ታማስለዋለች። ቀማሽ እርሷ በምድጃው አጠገብ የታገሠችውን ትዕግሥት በምላሱ ያውቀዋል።

ስለ አስኳሉም አንድ ነገር ልጨምር። በሊዝቦን አጠገብ በቤሌም ገዳም መነኰሳት በዕንቁላሉ ነጭ ልብስ ያጠነክሩበት፥ የተረፋቸውንም አስኳል ለጣፋጭ ያውሉት ነበር ተብሎ ይተረካል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1834 በፖርቱጋል ገዳማት ሲዘጉ አሠራሩ ወደ ነጋዴ እጅ አለፈ፤ በ1837ም ዛሬ ድረስ የሚሸጠው ሱቅ ተከፈተ። በዚያው በ1837 በእንግሊዝ አገር አልፍሬድ በርድ የሚባል ሰው፥ ሚስቱ ዕንቁላል የማይስማማት ስለ ኾነች፥ ያለ ዕንቁላል የሚረጋ የካስተርድ ዱቄት አወጣላት። ይኽ ከፍቅር የተወለደ ዱቄት ነው። ዛሬ ግን ቢጫውን ዱቄት በጥብጦ «የዕንቁላል ክሬም» ብሎ የሚሸጥ ሰው ሲገኝ፥ ዱቄቱ ሳይኾን ስሙ ሐሰት ኾነ። ያው ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ በሁዳዴ ለጾመኛ ቢቀርብ፥ ወተትም ዕንቁላልም ስለሌለበት፥ እውነተኛ የጾም ክሬም ይኾናል። ምእመናን ከዓመቱ እኩሌታ ያህል በሚጾሙበት አገር ይኽ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ምላስ ሁሉ ልዩ ልዩ ስለ ኾነ ዳኛ የለውም የሚሉ አሉ። ስኳሩ በዛ ወይስ አነሰ በሚለው እስማማለኹ። በጎንደር በአታ አቋቋም የሚያስተምር መምህር የተማሪውን ድምፅ ሊወድም ላይወድም ይችላል፤ ዝማሜው መሳቱን ግን በመውደድና ባለመውደድ አይፈርድም። ክሬሙ መፍላቱ፥ ዕንቁላሉ መኖሩ፥ ቅቤው አለመሻገቱ እንደ ዝማሜው ነው።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። የቆሎ ተማሪ አኵፋዳውን ይዞ ቍራሽ በሚለምንበት መንገድ ላይ፥ ጠግቦ ያደረ ሰው ከኬክ ቤት ወደ ኬክ ቤት እየዞረ ይኽ ከዚያ ይበልጣል ማለቱ ሆዳምነት አይደለምን? ብዙ ጊዜ ነው። ለራሱ ምላስ ብቻ የሚዞር ሰው ፈራጅ ሳይኾን በላተኛ ነው። ነገር ግን ለልጇ በዓመት አንድ ቀን አንዲት ሚልፎኒ የምትገዛ እናት አለች። ዘወትር የሚበላው ሰው ዛሬ ቢታለል ነገ ይካሳል፤ እርሷ ግን ከተታለለች እስከሚመጣው ዓመት ድረስ ነው። ቀማሽ ስለ እርሷ የሚመሰክር ከኾነ ቅምሻው ሥራ ይኾንለታል።

ምስክርም ከኾነ የምስክር ግዴታ አለበት። ከዐሥር ይኽን ያህል ብሎ ቍጥር መስጠት የዘመኑ ልማድ ነው፤ እኔ አልወደውም፤ ቍጥር ምክንያቱን ይውጠዋልና። መብራት በጠፋበት ወይም መንገድ ተዘግቶ ስኳር በተወደደበት ቀን የተጋገረውን አንድ ጊዜ ቀምሶ የሰውን እንጀራ መዝጋትም ግፍ ነው። ሦስት ጊዜ በልዩ ልዩ ቀን ይቅመስ፤ ጉድለት ቢያገኝ አስቀድሞ ለጋጋሪው ለብቻው ይንገረው፤ ባይሰማው ያን ጊዜ ለሕዝብ ይናገር።

ቀኑንም ቢመርጥ መልካም ነው። በፋሲካ ማግሥት መቅመስ ከንቱ ነው፤ ከ55 ቀን ጾም በኋላ የኮመጠጠውም ክሬም ማር ማር ይላልና፥ በዚያ ሳምንት በጎንደር መጥፎ ኬክ ቤት አይገኝም። ቢያንስ እስከ ዳግም ትንሣኤ ይቈይ።