ክርስቲያን የሚባለው ማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሀገራችን ሳለን እምብዛም ያልተጠየቅነው ጥያቄ በስደት ምድር ከደጃችን ቆሟል። ልጆቻችን ከልዩ ልዩ አብያተ ክርስቲያናት ልጆች ጋር ይማራሉ፤ ይጋባሉም። «እርሱም እኮ ክርስቲያን ነው» ይሉናል። አንዳንዱ ወላጅ «ስሙን የጠራ ሁሉ ክርስቲያን ነው» ብሎ ያልፋል፤ ሌላው «ከእኛ በቀር ክርስቲያን የለም» ብሎ በሩን ይዘጋል። ሁለቱም መልሶች አባቶች የደከሙበትን ነገር ይስታሉ።

የሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 11 እንደሚነግረን፣ ይህ ስም መጀመሪያ የተሰማው በአንጾኪያ ነው። ያን ጊዜ ዛሬ የምንደግመው ጸሎተ ሃይማኖት ገና አልተጻፈም። በጥንታዊቱ ቤተ ክርስቲያን ግን ተጠማቂው ወደ ውኃው ሲወርድ በማን እንደሚያምን ይጠየቅ ነበር። የሃይማኖት መግለጫ ያደገው ከዚህ ጥያቄና መልስ ነው፤ ቅጥር ከመሆኑ በፊት መግቢያ ደጅ ነበር።

ቅጥር መሆን ያስፈለገው የእስክንድርያው ቄስ አርዮስ ወልድን ፍጡር ባለ ጊዜ ነው። አርዮስ የክርስቶስን ስም ይጠራ፣ መጻሕፍትንም ይጠቅስ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው «ክርስቶስን ትጠራለህን?» መሆኑ ቀርቶ «የምትጠራው ክርስቶስ ማን ነው?» ሆነ። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት፣ በትውፊት 318 የምንላቸው አባቶች፣ ወልድ በባሕርዩ ከአብ ጋር አንድ መሆኑን ደነገጉ። በ381 በቁስጥንጥንያ 150ው አባቶች የመንፈስ ቅዱስን ነገር አጸኑ። ፍጡር ፍጡርን ሊያድን አይችልምና፣ ክርክሩ የቃላት ሳይሆን የድኅነት ነበር።

ነገሩ ወደ እኛም ደርሷል። በአትናቴዎስ እጅ ለአክሱም ጳጳስ ሆኖ የተሾመውን አባ ሰላማን፣ የአርዮሳውያን ደጋፊ የነበረው ንጉሥ ቆስጠንጢዮስ እ.ኤ.አ. 356 ገደማ ሊያስመረምረው ፈልጎ፣ ወደ እስክንድርያ እንዲላክለት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ዛሬም የምትመሰክረው የአትናቴዎስን ሃይማኖት ነው።

ሆኖም የኒቅያ አባቶች ሁሉን በአንድ ሚዛን አልመዘኑም። በመከራ ዘመን የወደቁትን አንቀበልም ብለው የተለዩት፣ ራሳቸውንም «ንጹሐን» የሚሉት ሲመለሱ፣ ከወደቁት ጋር ኅብረት እንዲያደርጉ በጽሑፍ ቃል አስገብተው እንዲቀበሏቸው በ8ኛው ቀኖና አዘዙ። የሳምሳጢው ጳውሎስ ተከታዮች ግን ዳግመኛ እንዲጠመቁ በ19ኛው ወሰኑ። የፊተኞቹ የሳቱት ስለ ንስሐ፣ የኋለኞቹ ስለ ክርስቶስ ማንነት ነበርና።

እኛ በ451 የተደረገውን የኬልቄዶን ጉባኤ አንቀበልም። የሚቀበሉት የምሥራቅ ኦርቶዶክሳውያን ግን የኒቅያን ሃይማኖት ከእኛ ጋር ይመሰክራሉ። በ1990 የሁለቱ ወገን ተወካዮች ስለ ክርስቶስ ያለው እምነታችን አንድ መሆኑን በጽሑፍ አስታውቀዋል፤ ማዕዱ ግን ገና አንድ አልሆነም።

የሚያሳዝነው የራሳችን ነገር ነው። በ2010 ዓ.ም. በሐምሌ የሁለቱ ሲኖዶስ ዕርቅ እስኪወርድ ድረስ፣ አንዱን ጸሎተ ሃይማኖት በአንድ ግእዝ የምንደግም ሰዎች ከሩብ ምዕት ዓመት በላይ ተለያይተን፣ አንዱ የሌላውን ቅዳሴ ሲሸሽ ኖረናል። አርዮስ በመካከላችን አልነበረም፤ እኛ ግን እንዳለ ሆነን ተለያየን።

እንግዲህ ለልጆቻችን እንዲህ እንበል፦ በሥላሴ ስም የተጠመቀውን፣ ክርስቶስንም አምላክ ወሰብእ ብሎ የሚያምነውን የክርስቲያንነት ስም አትንፈጉት። ከአንዱ ጽዋ ለመጠጣት ግን አንድ ሃይማኖት ያሻልና ልዩነቱን አትሸሽጉ። የክርስቶስን አምላክነት ለሚክድም በትሕትና እውነቱን ንገሩት፤ ስሙን ማዋስ ፍቅር አይደለም። በየቅዳሴው «እናምናለን» እንላለን እንጂ «እንፈርዳለን» አንልም። የባልንጀራን ልብ የሚመረምር እግዚአብሔር ነው፤ የእኛ ድርሻ ያመንነውን በአፋችን መስክሮ በኑሯችን ማጽናት ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።